ወደ ፊልሞና፡- ጳውሎስ ያላዘዘው ትእዛዝ

ከሐዋርያው ጳውሎስ መልእክቶች ሁሉ አጭሩ ወደ ፊልሞና የተላከው ነው። 25 ቁጥር ብቻ አለው፤ በግሪክኛው ወደ 335 ቃላት ገደማ ነው። በዛሬው አሠራር አንድ ገጽ ላይ ቢተየብ ቦታ ይተርፈዋል። ስለ ትንሣኤ፣ ስለ ሕግና ስለ ጸጋ የሚያትተው ነገር የለም። በስብከት ላይ ብዙም የማይነሣው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በአራተኛው መቶ ዓመት እንኳ «ይህ ተራ ደብዳቤ ከቅዱሳት መጻሕፍት ተርታ ምን አገባው?» የሚሉ ስለነበሩ ዮሐንስ አፈወርቅና ጄሮም ጥብቅና ቆመውለታል። እኔ ግን ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት መካከል የአንድን ሰው ዕጣ እንዲህ በቀጥታ የያዘ ሌላ አላውቅም።

ባለጉዳዮቹ ሦስት ናቸው። ፊልሞና ቤት ንብረት ያለው ክርስቲያን ነው፤ በዚያ ዘመን ለጸሎት ተብሎ የተሠራ ሕንፃ ስላልነበረ ምእመናኑ የሚሰበሰቡት በእርሱ ቤት ነበር። አናሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነው። ከቆላስይስ መሆኑን የምናውቀው ወደ ቆላስይስ ሰዎች ከተጻፈው መልእክት ሲሆን የከተማዋ ፍርስራሽ በዛሬዋ ቱርክ ይገኛል። ሦስተኛው ጳውሎስ፣ እስረኛ ነው። የታሰረበትን ቦታ ትውፊት ሮም ይለዋል፤ ዘመኑም ከ60 እስከ 62 እ.ኤ.አ. ገደማ ይሆናል። ከዘመናችን ምሁራን ግን ኤፌሶንን የሚመርጡ አሉ። ኤፌሶን ከቆላስይስ ብትርቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሮም ግን ባሕር ተሻግሮ የሳምንታት መንገድ ነው። ጳውሎስ በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ማረፊያ ክፍል እንዲሰናዳለት መጠየቁም ለቅርቧ ከተማ ይስማማል።

አናሲሞስ እንዴት ጳውሎስ ዘንድ ደረሰ? አብዛኞቻችን የሰማነው «ሰርቆ ጠፋ» የሚለውን ነው። ደብዳቤውን አንሥቶ ያነበበ ሰው ግን ጠፋ የሚል ቃል አያገኝም፤ ሰረቀ የሚልም የለም። ያለው በደል ወይም ዕዳ ካለበት በሚል «ምናልባት» የተያዘ ዐረፍተ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ፔተር ላምፔ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር ሌላ ንባብ አቀረበ። ፕሮኩሉስ የተባለ የአንደኛው መቶ ዓመት ሮማዊ የሕግ ሊቅ፣ ከጌታው ጋር የተጣላ ባሪያ እንዲያማልደው ብሎ ወደ ጌታው ወዳጅ ቢሄድ ኮብላይ አይባልም የሚል አቋም ነበረው። እንደ ላምፔ ከሆነ አናሲሞስም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የሄደው አማላጅ ፍለጋ ነው።

ይህ ንባብ ለእኛ አገር ሰው ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም። ያጠፋ ልጅ፣ አባቱ እምቢ የማይለው ዘመድ ቤት ሄዶ «ይዘውኝ ይግቡ» ሲል ያላየ ማን አለ? በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጳውሎስ ራሱን «ሽማግሌ» ብሎ መጥራቱ ደግሞ ያማረ አጋጣሚ ነው። የግሪክኛው ቃል የሚናገረው ዕድሜውን ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን ዕድሜውንም የያዘውን ሥራም አንድ ላይ ይነግረናል።

ሽምግልናው ቢከሽፍ የሚከተለው ቀላል አልነበረም። በሮም ሕግ ባሪያ ንብረት ነው። ኮብልሎ የተያዘውን ጌታው ሊገርፈው፣ ግንባሩን በጋለ ብረት ሊተኩሰው፣ በሰንሰለት አስሮ ሊያሠራው ይችላል። በሮም የተገኘ አንድ የብረት የአንገት ቀለበት አለ። በተንጠለጠለበት ምልክት ላይ ለባሹ ኮብላይ መሆኑ፣ ይዞ ወደ ጌታው ወደ ዞኒኑስ ለመለሰው ሰውም አንድ የወርቅ ሳንቲም እንደሚከፈለው ተቀርጿል። የተሠራው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው መቶ ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል፤ የሮም ነገሥታት ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ ማለት ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው አካሄድ እንግባ፤ ጥበቡ ያለው እዚህ ነው። ጳውሎስ በሌሎች መልእክቶቹ እንደሚያደርገው «ሐዋርያ» በሚለው ማዕረግ አይጀምርም፤ እስረኛ ነኝ ብሎ ነው የሚጀምረው። ተቀባዩ ደግሞ ፊልሞና ብቻ አይደለም። አፍብያ የምትባል እኅት፣ አርክጳ የሚባል የአገልግሎት ባልደረባ፣ በመጨረሻም በቤቱ የሚሰበሰበው ጉባኤ በሙሉ ተጠርቷል። በቢሮ ቋንቋ «ግልባጭ» ያለው ደብዳቤ ነው። ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ ሆኖ ሳለ መልሱን የሚጠብቁ ብዙ ጆሮዎች አሉ። ፊልሞና ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ሊከተው አይችልም።

ከዚያ ምስጋና ይመጣል፤ ስለ ፊልሞና ደግነትና ፍቅር ብዙ ይባላል። ቀጥሎም ማዘዝ ስችል መለመንን መረጥሁ የሚል ሐሳብ። (ማዘዝ እንደሚችል ሳያስታውሰው አላለፈም።) የአናሲሞስ ስም የሚነሣው ገና ቁጥር 10 ላይ ነው፤ ያውም ጳውሎስ በእስር ቤት የወለደው ልጁ ተብሎ ከተጠራ በኋላ። አናሲሞስ በግሪክኛ «ጠቃሚ» ማለት ነው፤ ለባሪያ የተለመደ ስም ነበር። ጳውሎስ በዚህ ስም ይጫወታል፤ ቀድሞ የማይጠቅምህ የነበረው አሁን ለሁለታችንም ጠቃሚ ሆነ ይላል። የተጠቀመባቸው ቃላት «አክሬስቶስ» እና «ዩክሬስቶስ» ናቸው፤ ለጊዜው ሰው ጆሮ «ክርስቶስ» ከሚለው ስም ጋር በጣም ይቀራረባሉ። በትርጉም ከሚጠፉ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ጳውሎስ ወደ ሂሳብ ይገባል። የጎደለ ነገር ካለ በእኔ ላይ ይቆጠር ብሎ፣ በገዛ እጁ ጽሕፈት የመክፈል ግዴታ ይገባል። ዋስ ሆነ ማለት ነው። እስረኛ ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል አይነግረንም። ወዲያው ግን ፊልሞና ራሱ ነፍሱን ሳይቀር የጳውሎስ ባለዕዳ መሆኑን አላነሣብህም እያለ ያነሣበታል። ውለታ መቁጠር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ሮማዊው ባለሥልጣን ታናሹ ፕሊኒ ተመሳሳይ የአማላጅነት ደብዳቤ ለሳቢኒያኑስ ጽፎ ነበር። ጉዳዩ ነፃ ከወጣ በኋላ ጌታውን ያስቀየመ አገልጋይ ነው። ፕሊኒ ሰውየው አልቅሶ መጸጸቱን ይመሰክራል፤ እኔም ገሥጬዋለሁ፣ ዳግመኛ አላማልደውም ይላል፤ ለዛሬው ይቅር እንዲለው ይለምናል። ጥሩ ደብዳቤ ነው። ነገር ግን አገልጋዩ በቀድሞ ቦታው ይመለሳል እንጂ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም። ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ጸጸት አንድም ቃል አይጽፍም። የሚጠይቀው ከባሪያ በላይ እንደ ተወደደ ወንድም፣ በሥጋም በጌታም ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው፣ እኔን ራሴን እንደምትቀበል ተቀበለው ብሎ ነው። በሥጋም የሚለው ቃል ወንድምነቱ በጸሎት ሰዓት ብቻ እንዳይቀር ይዘጋል።

ታዲያ ነፃ አውጣው አለ? አላለም። ከጠየቅሁህም አብልጠህ እንደምታደርግ አውቃለሁ ብሎ አቆመ። «አብልጠህ» የሚለው ምን እንደሆነ ለፊልሞና ተተወ።

ይህን ክፍት ቦታ ዘመናት እንደየፍላጎታቸው ሞሉት። ዮሐንስ አፈወርቅ ባሪያን ከጌታው መለየት እንደማይገባ ማስረጃ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1850 አሜሪካ ኮብላይ ባሪያዎችን የሚያስመልሰውን ሕግ ስታወጣ ሞዘስ ስቱዋርት የተባለ ስመ ጥር የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር ጳውሎስም አናሲሞስን መልሷል ሲል ተከራከረ። የባርነት ተቃዋሚዎች ደግሞ «ከእንግዲህ እንደ ባሪያ አይሆንም» የሚለውን ሐረግ አነሡ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1833 በጆርጂያ፣ በሊበርቲ ካውንቲ የሆነው ነው። ቻርልስ ኮልኮክ ጆንስ የተባለ፣ ራሱም ባሪያ አሳዳሪ የሆነ ሰባኪ፣ ለባሪያዎች ጉባኤ በፊልሞና ላይ ተመሥርቶ ታማኝ ሁኑ፣ አትኮብልሉ ብሎ ሰበከ። ከአድማጮቹ ግማሽ ያህሉ ተነሥተው ሄዱ። ከቀሩትም እንዲህ ያለ መልእክት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም ያሉ ነበሩ። ይህን የመዘገበው ራሱ ጆንስ ነው። አብዛኞቹ ማንበብ አልተፈቀደላቸውም ነበር፤ እኔ ግን ከሰባኪው ይልቅ እነርሱ ልክ ነበሩ እላለሁ። ጆንስ የሰበከው ደብዳቤ በእርግጥም እዚያ ውስጥ የለም።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። መልእክቱ ለዘመናት በግዕዝ ሲነበብ በኖረበት አገራችን ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን ከተናገረ በኋላ ስለ ባሪያ ይዞታ ደንብ ይሠራል። ቃሉም እስከ ዛሬ ስድብ ሆኖ ይወረወራል። ደብዳቤውን ስናነብ አብዛኞቻችን ሳናስበው ራሳችንን የምናስቀምጠው በፊልሞና ወንበር ላይ ነው፤ የምንጠይቀውም እኔ ብሆን ይቅር እለው ነበር ወይ ብለን ነው። አናሲሞስ በ25ቱ ቁጥሮች ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም። ነገር ግን ጉዳዩ ሲነበብ በዚያ ቤት፣ በዚያ ጉባኤ ፊት የቆመው እርሱ ነው።

የጳውሎስ ዝምታ ብዙ ሰው እንዳስከፈለ አልክድም፤ አንድ ግልጽ ቃል ቢጨምር ኖሮ ስቱዋርትም ጆንስም የሚጠቅሱት ባልኖራቸው ነበር። ለፊልሞና ግን ዝምታው ከትእዛዝ የከበደ ይመስለኛል። ትእዛዝ ቢሆን ፈጽሞ ያርፍ ነበር።

ፊልሞና ምን እንዳደረገ የሚናገር ጽሑፍ የለም። ወደ ቆላስይስ ሰዎች በተጻፈው መልእክት መጨረሻ ላይ ግን ቲኪቆስ ከሚባል መልእክተኛ ጋር ሌላ ሰው እንደሚመጣ ተጽፏል። አናሲሞስ ነው። የታመነና የተወደደ ወንድም፣ ከእናንተ ወገን የሆነ ተብሏል። የማን ባሪያ እንደነበረ አልተጻፈም፤ የፊልሞና ስምም በዚያ መልእክት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።