ሰኻኑን አትሳደቡ

ጥር ሲገባ እዚህ ሳዑዲ፣ ደማምና አልኮበር ውስጥ ሰው ሁሉ ሰኻኑን፣ ማለትም የውሃ ማሞቂያውን፣ ይሳደባል። የሙቁን ውሃ ቧንቧ ከፍቶ፣ እጁን ከሥሩ ዘርግቶ ይጠብቅ ይጠብቅና «ይሄ ማሞቂያ ደክሟል» ይላል። ይህን ሰበብ መጀመሪያ የፈጠረውን ሰው ባገኘው! ሰኻኑ እኮ ሥራውን ከጨረሰ ቆይቷል፤ በርሜሉን ሙሉ ትኩስ ውሃ ይዞ ቁጭ ብሏል።

ካላመናችሁኝ ነሐሴን ጠብቁ። ጣሪያ ላይ ያለው ኸዛን፣ አዲስ አበባ ሮቶ የምንለው፣ ፀሐይ ሲያነደው ስለሚውል «ቀዝቃዛ» የተባለው ቧንቧ እጅ ይለበልባል። ዘዴ ያወቀ ሰው ሰኻኑን ያጠፋል፤ ኤሲ ባለበት ቤት ውስጥ ውሃው ይበርድለታል፣ በቀዩ በኩል ይታጠባል። ያኔም ግን ግድግዳ ውስጥ የጋለው እስኪወጣ ይጠብቃል። ማሞቂያው ጠፍቶ ማን ደከመ ልትሉ ነው?

ቧንቧውን አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ አድርጋችሁ አስቡት። ከሰኻኑ እስከ ሻወሩ ቆመው ያደሩ ታክሲዎች ተደርድረዋል፤ የበረደው ውሃ ናቸው። ትኩሱ ከኋላ ነው፤ መቅደም የለም። እሱም ቢሆን ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ አይደርስም፤ ሙቀቱ «ወራጅ አለ» እያለ በየፌርማታው ወደ ቀዝቃዛው ቧንቧ፣ ከዚያም ወደ ግድግዳው ይወርዳል። ቧንቧው ላይ የሚለበሰው ስፖንጅ በሩን ይዞ የማያስወርድ ወያላ ነው። ትራፊኩ ደግሞ... እሺ፣ ይብቃኝ።

እንግዲህ የሚያስጠብቀን አንደኛ ርቀቱ ነው። ሁለተኛው፣ የቧንቧው ስፋት፣ የሚያናድደኝ ነው። «ሰፊ ቧንቧ ቶሎ ያደርሳል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ስንቴ ተጨቃጭቄያለሁ! ውስጡ 2 ሳንቲሜትር የሆነ የ20 ሜትር ቧንቧ ከ6 ሊትር በላይ ይይዛል። 1.5 ሳንቲሜትር ከሆነ 3 ሊትር ተኩል ገደማ ነው። በደቂቃ 6 ሊትር በሚያወርድ ሻወር የመጀመሪያው ቧንቧ አንድ ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል፣ ሁለተኛው 35 ሴኮንድ። እርግጥ ኸዛኑ ልክ ከራሳችሁ በላይ ከሆነ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ቧንቧ ማጥበብ ውሃውን ያንቀዋል።

እዚሁ ራካ ሰፈር አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። መዳሟ የ50 ሊትሩን ሰኻን በ80 አስቀይራለች። ቤት የምትሠራው የደሴ ልጅ ግን ትኩሱ እስኪመጣ ቀዝቃዛውን የምትቀዳበትን ባልዲ አሳየችኝ፤ «ጋሼ፣ ዛሬም እስከዚህ ሞላ እኮ» አለችኝ፣ ጣቷን ከግማሹ በላይ አድርጋ። ያንን ውሃ ወለል ትወለውልበታለች። ሰኻኑ ኩሽና፣ ሻወሩ የቤቱ ሌላ ጫፍ! 15 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ሰኻን ሻወሩ አጠገብ ሰቀልን፤ ውሃው ከሞቀ በኋላ ሻወሩን ስከፍት፣ አሥር ሳልቆጥር ትኩሱ መጣ። 80 ሊትሩ አሁን ሰሐን ያጥባል።

እዚህ አገር ያ ባልዲ ቀላል አይደለም። አልኮበርና ጁበይል ላይ ከባሕር ተቀድቶ፣ ነዳጅ ተቃጥሎ ጨው የወጣለት ውሃ ነው።

ሰኻን ለመቀየር ብር ከማውጣታችሁ በፊት፣ ነገ ጠዋት ባልዲ ከሻወሩ ሥር አድርጋችሁ ትኩሱ እስኪመጣ ስንት ሊትር እንደሚሞላ ለኩ።