የዛገ የዶሮ ሳጥን፦ በኪሎ ወይስ በክፍል?

አንድ የእንቁላል ዶሮ እርባታ ሲዘጋ ወይም ዶሮዎቹን ወደ ኬጅ ሲያዛውር ከግቢው ከሚወጡት ዕቃዎች አንዱ እንቁላል የሚጣልበት የላሜራ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ዝገት ከጀመረው እንደ ማንኛውም ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ይመዘናል። ዶሮ በመሬት ላይ የሚያረባ ሰው ግን ያንኑ ሳጥን የሚፈልገው በክፍሉ ቁጥር ነው። የምናለሽ ተራም ሆነ የቢሾፍቱ ነጋዴ ትርፍ የሚያገኘው ከእነዚህ ሁለት ዋጋዎች ልዩነት ነው። ልዩነቱ ግን ሁልጊዜ ትርፍ አይሆንም።

ከላይ አምስት ከታች አምስት ክፍል ያለው ሳጥን፣ ለአንድ ክፍል ከ4 እስከ 5 ዶሮ ሲታሰብ ከ40 እስከ 50 ዶሮ ይበቃል። የሁለት ክፍል ወለል የተበላ ከሆነ ገዢው የሚወስደው ከ32 እስከ 40 ዶሮ ብቻ የሚይዝ ሳጥን ነው። ቦታ ያጣችው ዶሮ መሬት ላይ ትጥላለች፤ እንቁላሉም ይቆሽሻል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲብስም ዶሮዋ ራሷ መብላት ትለምዳለች።

እነዚህ ሳጥኖች በአብዛኛው የሚሠሩት ዚንክ ከተለበጠ ላሜራ ነው። ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል። ስለዚህ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር የታየበት ላሜራ ገና በጥበቃ ላይ ያለ ነው፤ ቀይ ዝገት የታየበት ግን ዚንኩ ያለቀበት ነው። ኩስና እርጥበት የሚጠራቀምበት ወለል ቀድሞ ይሄዳል፤ እሱም በቀላሉ ይለወጣል። መታየት ያለበት ጀርባውና መከፋፈያ ግድግዳው ነው። እዚያ ላይ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ሲሉት የሚበሳ ከሆነ ሳጥኑ ከኪሎ ዋጋ በላይ አያወጣም።

አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሳጥን ከዛገው ይልቅ ያሰጋል። ተራው ሲንቴቲክ ቀለም በዚንክ ላይ በቀጥታ ሲቀባ ውሎ አድሮ ይላጣል፤ ከሥሩ ያለው ዝገትም ሥራውን አያቆምም። ዝገቱ በግልጽ የሚታይ ዕቃ ቢያንስ አይዋሽም።

ሥራው የሚጀምረው በመታጠብ ነው። ደረቅ ኩስ መፋቅ አቧራውን ወደ ሳንባ ይልካልና ሳጥኑ አስቀድሞ በውኃና በዱቄት ሳሙና ይታጠባል። ከዚያ ቀዩ ዝገት ብቻ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይነሣል። አንዳንዱ ሳጥኑን እንዳለ አቼቶ ውስጥ ይዘፈዝፋል፤ አቼቶ ዝገቱን ቢያነሣም የተረፈውን ዚንክ አብሮ ይወስዳል። የተራቆተው ቦታ ዚንክ የበዛበት ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ ደህናው እንዳለ ይተዋል። አዲሱ ወለል በብየዳ ሳይሆን በሪቬት ቢያያዝ ይመረጣል። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በያጁን በትኩሳትና በብርድ ያንቀጠቅጠዋል፤ ወተት መጠጣትም ከዚህ አያድንም።

ለምሳሌ ያህል የአዲሱ ሳጥን ዋጋ 100 ብር ነው ይባል። ነጋዴው የዛገውን በ30 ብር ገዝቶ ለወለል፣ ለሪቬት፣ ለቀለምና ለእጅ ዋጋ 35 ብር ቢያወጣ 65 ብር ላይ ይቆማል፤ በ80 ብር ቢሸጥ 15 ብር ያተርፋል። ግድግዳውም የሚለወጥ ከሆነና የማደሻው ወጪ 55 ብር ቢደርስ ግን ሳጥኑ 85 ብር ፈጀ ማለት ነው። ትርፍ ሲጨመርበት ገዢው ጥቂት አክሎ አዲሱን ይመርጣል። ለዚህም ነው ትርፉ በማደሱ ሳይሆን በግዢው ዕለት የሚወሰነው።

ደላሎች ብዙ ጊዜ የማያነሡት ሌላው ጥያቄ ሳጥኑ ለምን ለሽያጭ ወጣ የሚለው ነው። ዶሮዎቹ በፈንግል አልቀው ከሆነ ያልጸዳ ሳጥን በሽታውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በላሜራው መጋጠሚያ ውስጥ የሚደበቀው ደም መጣጭ ቀይ ቅንቅን ደግሞ ያለ ምግብ ወራት ይቆያል። ይህን የሚያውቅ አርቢ የሳጥኑን ፊት ሳይሆን መጋጠሚያውንና የመቆሚያ እንጨቱን ጫፍ በባትሪ ያያል። ሻጩ ሳጥኑን ፈታቶ አጥቦና ፀረ ተባይ ረጭቶ ካቀረበው ዋጋ ለመጨመር አያቅማማም፤ ካልሆነም የማጽጃውን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንሳል።