የጫማ አባት የተባለው ወፍ

ነጭ ዓባይ በደቡብ ሱዳን ሜዳ ላይ ተንጣሎ ሱድ የሚባለውን ሰፊ ረግረግ በሚሠራበት አገር፣ በደንገሉ መካከል እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ የሚቆም ታላቅ ወፍ ይገኛል። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ10 እስከ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲም ይደርሳል፤ ላባው ግራጫ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ምንቃሩ ነው። ወፍራምና ሰፊ ሆኖ ጫማ ስለሚመስል ዐረቦች «አቡ መርኩብ»፣ ማለት የጫማ አባት ብለው ሰየሙት።

ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀው ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ ነው። ይኸው ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1843 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሦስት ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ነበር። እርሱ ያመጣውን የወፉን ቆዳ ጆን ጉልድ መርምሮ በ1850 ሳይንሳዊ ስም አወጣለት።

ወፉ የሚያድነው በትዕግሥት ነው። ለብዙ ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቆማል፤ በሳንባ የሚተነፍሰው የረግረግ ዓሣ አየር ለመሳብ ብቅ ሲል ግን በመላ አካሉ ወድቆበት ይይዘዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ ይህ ወፍ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ጥሎ የሚያሳድገው አንዱን ጫጩት ብቻ ነው። ስለዚህ ጎጆው ሲነካ፣ ጫጩቱም ለሽያጭ ሲወሰድ ጉዳቱ ቶሎ አይጠገንም። በዓለም የቀሩት ከ5,000 እስከ 8,000 ቢሆኑ ነው ተብሎ ይገመታል።

በዩጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለው በማባምባ ረግረግ፣ ዓሣ አጥማጆች «ይህን ወፍ ያየ ዓሣ አይቀናውም» እያሉ ይገድሉት ነበር። ዛሬ በዚያው ታንኳቸው እንግዳ አሳፍረው ወፉን በማሳየት ገንዘብ ያገኛሉ። በዛምቢያ በባንግዌሉ ረግረግም ጎጆውን ለመጠበቅ የተቀጠሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ሕግ ብቻውን ሊያደርገው ያልቻለውን የሕዝቡ ጥቅም አደረገው።

ይህ ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ ወፉ በጋምቤላ ረግረግ መታየቱ ተመዝግቧል። እንግዲህ ነገ ከጠረጴዛ ፊት የምትቀመጡ ወጣቶች ሆይ፣ «ይህ ባዶ ረግረግ ይጠንፈፍ» የሚል ወረቀት ለፊርማ ሲቀርብላችሁ፣ ብዕሩን ከማንሣታችሁ በፊት በደንገሉ መካከል የቆመው ማን እንደሆነ፣ በታንኳም የሚመላለሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ።