ባለ ሁለት ሮተር ሄሊኮፕተር እንዴት ተገኘ?

የአየር ኃይሉ ሠፈር ከአዳማ (ናዝሬት) 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቢሾፍቱ ስለ ሆነ፣ የሄሊኮፕተር ድምፅ ለእኛ ለአካባቢው ልጆች እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ቀና ብለን ከማየት በቀር ስለ አሠራሩ አንጠይቅም። እኔም በዚህ ጽሑፍ፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት ታላላቅ ሮተሮች ስላሉት የወታደር ማመላለሻ ሄሊኮፕተር ላስረዳ ተነሥቻለሁ። ሮተር ማለት ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ ነው።

በመጀመሪያ ችግሩን እንመልከት። በዝዋይ ሐይቅ ዳር ከጀልባ ወደ መሬት የሚዘል ሰው ጀልባዋን ወደ ኋላ ይገፋታል። ኒውተን እንዳስተማረው፣ ለማንኛውም ግፊት እኩልና ተቃራኒ ግፊት አለው። እንዲሁም ሞተሩ ሮተሩን ወደ አንድ ወገን ሲያዞር፣ የሄሊኮፕተሩ አካል ወደ ሌላው ወገን ሊዞር ይፈልጋል። አየር ኃይላችን ለብዙ ዘመን የተገለገለበትን ኤም አይ 8ን የመሳሰሉት፣ ይህን ለመከላከል በጅራታቸው ላይ ትንሽ ሮተር አላቸው። ነገር ግን ይህች ትንሽ ሮተር ከሞተሩ ኃይል ትካፈላለች እንጂ ጭነት አታነሣም። ሁለት ታላላቅ ሮተሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞሩ ግን አንዱ የሌላውን ጥምዘዛ ያጠፋል፤ ሁለቱም ለማንሣት ይሠራሉ።

ሌላው ጥቅም የጭነት ሚዛን ነው። አህያ የጫነ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጭነቱ ካጋደለ ጉዞ የለም። ባለ አንድ ሮተሩም ጭነቱ ከሮተሩ ሥር መካከል ላይ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ባለ ሁለቱ ግን በሽተኛ በቃሬዛ የያዙ ሰዎችን ይመስላል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢበዛ፣ በዚያ በኩል ያለው ጠንከር ብሎ ይሸከማል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1907 ፖል ኮርኑ የተባለ ፈረንሳዊ ባለ ሁለት ሮተር መሣሪያ ሠርቶ ከመሬት ጥቂት ከፍ እንዳለበት ተነግሮለታል፤ በኋላ የመረመሩት ግን የሞተሩ ኃይል ለዚያ መብቃቱን ይጠራጠራሉ። በ1933 ኒኮላ ፍሎሪን በቤልጂግ አገር ተመሳሳይ መሣሪያ አበረረ። ለጭነት ሥራ ያበቃው ግን ፍራንክ ፒያሴኪ ነው። ፒያሴኪ በ1919 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደ፤ አባቱ ከፖላንድ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1944 ሥራውን ሰጠው፤ በመጋቢት 1945 የመጀመሪያው መሣሪያ ሲበር ሠሪው ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር።

ከዚህ የተገኘው ኤች አር ፒ 1 የተባለው ሄሊኮፕተር 600 የፈረስ ጉልበት ባለው አንድ ሞተር ሁለቱን ሮተሮች ያዞር ነበር። አካሉ በጨርቅ የተሸፈነ ነው። የፊትና የኋላው ክንፎች እንዳይጋጩ ጅራቱ ወደ ላይ ስለ ታጠፈ፣ ሰዎች «የሚበረው ሙዝ» አሉት። በ1952 የተከተለው ኤች 21 ግን ከብረት የተሠራ፣ 1,425 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ 20 ያህል ወታደር ወይም በቃሬዛ የተኙ 12 ቁስለኞች የሚጭን ነበር። ፈረንሳዮች በአልጄሪያ፣ አሜሪካኖችም ከ1961 መጨረሻ ጀምሮ በቬትናም ተዋጉበት። ቁስለኛ የሚያወጣው መሣሪያ ጦርንም ወደ ሰው መንደር የሚያደርስ ሆነ፤ ይህን ሳናነሣ ብናልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል።

የኤች 21 ድካም ሞተሩ ነበር። በሙቀትና በከፍታ አየሩ ሲሳሳ፣ ሮተሩ የሚገፋው አየር ያንሳል፤ ሞተሩም ይደክማል። በ1961 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ቺኑክ በሁለት ተርባይን ሞተሮች ይህን አሻሻለ፤ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ሆኖም ሁለቱን ሮተሮች የሚያያይዘው የማሽከርከሪያ ዘንግና ጥርሶቹ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻሉ። በ1982 በጀርመን በማንሃይም ከተማ የአንድ ቺኑክ ማስተላለፊያ ተበላሽቶ፣ የሮተሮቹ ስምምነት ስለ ፈረሰ 46 ሰዎች አልቀዋል።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ያገባናል? ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ የደጋው ተራሮች ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ። ስለዚህ በአገራችን ሰማይ የሚባክን ኃይል በእጥፍ ይጎዳል። በ1970 ዓ.ም. በካራማራ ውጊያ ጊዜ የሶቪየት ኤም አይ 6 ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበሶችን በተራራው ላይ አሻግረው ከሶማሊያ ጦር በስተጀርባ አሳርፈዋል። እነዚህ 35 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ሮተር ብቻ ነበራቸው፤ መንገዱ ሌላ ሲሆን ዓላማው ግን ያው ከባድ ጭነት ማንሣት ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜም የሶቪየትና የፖላንድ ኤም አይ 8 ሄሊኮፕተሮች መኪና በማይደርስበት ስፍራ ለእርዳታ ተሰማርተዋል።

በአገራችን ገጠር ምጥ የጠናባት እናት ዛሬም በቃሬዛ ወደ ሐኪም ትወሰዳለች። እንግዲህ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ ስለ ግፊትና ስለ ሚዛን በፊዚክስ ክፍል የምንማረውን ለፈተና ብቻ ብለን አንያዘው። ፒያሴኪም የጀመረው ከዚሁ ትምህርት ነው፤ ቃሬዛውን የሚያሳርፍ ከእኛ መካከል ሊነሣ ይችላልና።