በሥጋችን ውስጥ የሚነደው እሳት

በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ሰውነቱ ስለ ምን አይቀዘቅዝም? ምድጃ እንኳ ማገዶ ካልጨመሩበት ፍሙ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ዐመድ ይሆናል። ጿሚው ግን ከማታ ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ሙቀቱም እንደ ወትሮው 37 ዲግሪ ግድም ነው። ይህ እሳት ከየት እንደሚመጣ በዚህ ወር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

እሳት ስንል ለምሳሌ ብቻ አይደለም። ላቮዚዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ከላፕላስ ጋራ ሆኖ በ1782 መጨረሻና በ1783 መጀመሪያ (ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከአይጥ ወገን የሆነች ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አኑሮ፥ ሙቀቷ ያቀለጠውን በረዶ መዘነ። ከሰል ሲነድ ከሚያቀልጠውም ጋራ ቢያስተያየው ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። ስለዚህም መተንፈስ ዝግ ያለ መቃጠል ነው አለ። የሚነደው በሳንባ ውስጥ መስሎት ነበር፤ በዚህስ ተሳስቷል። ሳንባ ኦክሲጅንን የሚቀበል ደጅ ነው እንጂ፥ ማገዶው የሚነደው ሰውነታችን በተሠራባቸው፥ ዐይን በማያያቸው ሕዋሳት ውስጥ ነው።

የበላነው እንጀራ በሆድ ዕቃችን ደቆ ግሉኮስ የሚባል ስኳር ይሆንና በደም ወደ ሕዋስ ይደርሳል። በአንድ ጊዜ ቢነድ ሕዋሱን ባቃጠለው ነበር። ነገር ግን የመቶ ብር ኖት ይዞ ጉልት የወጣ ሰው ዝርዝር እንደሚያስፈልገው ሁሉ፥ ሕዋስም ግሉኮሱን ቀስ በቀስ ይመነዝረዋል። ዝርዝሩ ኤቲፒ ይባላል፤ በ1929 ካርል ሎማን የተባለ ጀርመናዊ አገኘው። ከአንድ ግሉኮስ መጀመሪያ ያለ ኦክሲጅን ሁለት ኤቲፒ ብቻ ይገኛል። የቀረው ማይቶኮንድሪያ ወደሚባሉት የሕዋስ ምድጃዎች ገብቶ በኦክሲጅን ሲነድ ድምሩ 30 ያህል ይደርሳል። የሚተርፈው ውኃና የምንተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

የመጀመሪያውን እርከን እናቶቻችን በጋን ውስጥ ሲሠሩት ኖረዋል። አየር ያጣው የጠላ እርሾ በሁለቱ ዝርዝር ብቻ ይኖራል፤ የቀረውን ኃይል በአልኮል ውስጥ ይተወዋል። አረቄ ክብሪት ሲነካው መንደዱም ያ ያልተመነዘረ ኃይል ስላለበት ነው።

ወደ ጿሚው እንመለስ። የጤነኛ ሰው ጉበት 100 ግራም ያህል ስኳር ግላይኮጅን አድርጎ ያከማቻል፤ ሌሊትና ጧት ይህንኑ እየቈነጠረ ለደም ያቀብላል። እየጐደለ ሲሄድ ሰውነት ወደ ስቡ ዞር ይላል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ፥ አንድ ግራም ስኳር ግን 4 ያህል ብቻ ስለሚሰጥ፥ ስብ እንደ ወይራ ግንድ የሚቈይ ማገዶ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር ደረስን። ስኳሩ ወደ ብዙዎቹ ሕዋሳት፥ ይልቁንም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ፥ እንዲገባ ደጁን የሚያስከፍተው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ሰው ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሳለ ሕዋሳቱ ይራባሉ፤ ስቡም ያለ ልክ ይነድና ደሙን የሚመርዝ አሲድ ይሆናል። ባንቲንግና ቤስት በ1921 በካናዳ ኢንሱሊንን እስኪያገኙ ድረስ በዚህ ደዌ የተያዙ ሕፃናት ይሞቱ ነበር።

«ዛሬ ጾመኛ ነኝ፤ ካልበላሁ መርፌው ምን ያደርግልኛል» የሚሉ ሕሙማን አሉ። ከላይ እንዳየነው ግን ባይበሉም ጉበት ስኳር ማቀበሉን አይተውም፤ መርፌው ጨርሶ ከተቋረጠ ሰውዬው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። አባቶቻችን ለታመመ ሰው ጾሙን ያቀልሉለታልና፥ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ የመርፌውን መጠን ግን ሐኪሙ ይወስንለት እንጂ በራሱ አይቀንስ። መርፌውን ወስዶ ሳይበላ የቆየ ሰው ላብ ቢያጠምቀው፥ እጁ ቢንቀጠቀጥ፥ ንግግሩም ቢዘበራረቅበት፥ ሰዓቱ ገና ነው ሳይባል ስኳር ወይም ማር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። ራሱን ከሳተ ግን ትን እንዳይለው ምንም በአፉ ሳያደርጉ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።