ምች ያልሆነው የፀሐይ ሕመም

ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የማንንም ሰው የቆዳ ዲኤንኤ ይጎዳል፤ ጤናማ ሴል ግን የተጎዳውን ቦታ ቆርጦ አውጥቶ ይጠግነዋል። በአብዛኞቹ ሕሙማን የጎደለው ይህ ጥገና ነው። ጉድለቱን ጄምስ ክሊቨር እ.ኤ.አ. በ1968 ደረሰበት።

ሕፃን ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆይቶ ፊቱ ቢቀላና ውኃ ቢቋጥር «ምች መታው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል። ምች የሚባለው ትኩሳትና የከንፈር ቁስል ግን በቀናት ውስጥ ይለቃል። የዚህ ሕመም ቃጠሎ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ግማሽ ያህሉ ሕፃናት ደግሞ ጭራሽ አይቃጠሉም፤ ምልክታቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ፊት፣ አንገትና እጅ ላይ የሚወጣ ጠቃጠቆ ነው። ብርሃን ሲያዩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑም አሉ።

በጋሞ የተጣሰ ደንብ ጎሜ ሆኖ በሕመም መልክ ይመጣል የሚል እምነት አለ፤ ሌላውም አካባቢ ቡዳና እርግማን ይጠቀሳሉ። እውነታው ግን ማንንም አያስወቅስም። አባትም እናትም ጤነኛ ሆነው አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይይዛሉ፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የመውረስ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር ሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ቅጂ የመያዝ ዕድላቸውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ «ዘመዳሞች አይደለንም» ማለት ሕመሙ የዘር አይደለም አያሰኝም። ቁስሉ ከሥጋ ደዌ ጋር ቢምታታም ወደ ሌላ ሰው አይጋባም።

ሙቀትን ከጨረር ጋር ማምታታት ሌላው ስሕተት ነው። ከአርባ ምንጯ ሴቻ ሐሩር ሸሽቶ ልጁን ወደ ጨንቻ መውሰድ ያሳርፈዋል ተብሎ ይታሰባል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰማዩ ሲጠራ ጋቢ የሚያስለብሰው የጨንቻ አየር ከሴቻው የበለጠ ጨረር አለው። ደመናም ቢሆን ሙሉ መከለያ አይሆንም፤ የመስኮት መስታወትም የጨረሩን ከፊል ያሳልፋል።

ጥቁር ቆዳም ዋስትና አይሆንም። ሜላኒን ጨረሩን ይቀንሳል እንጂ የተጎዳውን ዲኤንኤ አይጠግንም፤ ጥበቃ ያላገኘ ልጅ አሥር ዓመት ሳይሞላው የቆዳ ካንሰር ሊይዘው ይችላል። አልቢኒዝም ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የሚያንሰው ራሱ ሜላኒኑ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የነርቭ ጉዳቱ ነው። ከአራት ሕሙማን አንዱ ገደማ ቀስ በቀስ መስማት ይሳነዋል፣ እርምጃው ይንገዳገዳል፣ ትምህርት መቀበል ይከብደዋል። ከጀርባው ሲጠራ ዞር የማይለው ልጅ እልኸኛ ተብሎ ሲቀጣ ማየት እጅግ ያሳዝናል። ጨረር አንጎል ድረስ ስለማይዘልቅ ከፀሐይ መጠበቅ ይህን ጉዳት አያስቀርም፤ የመስማት ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል።

ፈውስ የለውም ማለት ግን የሚደረግ የለም ማለት አይደለም። ረጅም እጅጌ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጨረር የሚከላከል መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከሕፃንነት ከተጀመሩ ካንሰሩን በእጅጉ ይቀንሳሉ። ቆዳውና ዓይኑ በሐኪም ቶሎ ቶሎ ይታያሉ፤ አጠራጣሪ እባጭ ሳያድግ ይወጣል። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ይታወቃል። ከፀሐይ የራቀ ልጅ ቫይታሚን ዲ ስለሚያንሰው ሐኪሙ በመድኃኒት ይተካለታል።