የዜና ፎቶግራፍ አንሺ የሥራ ድርሻና የፎቶግራፍ ንባብ ትምህርት፦ ከወላይታ የተገኘ ማስረጃ

ፎቶግራፍ በትምህርት መርጃነት ከተሠራበት ብዙ ዘመን ሆኖታል። ፎቶግራፍ ራሱ እንዴት እንደሚነበብ ግን እምብዛም ትምህርት አይሰጥበትም። ለዚህ ትምህርት መነሻ የሚሆን ማስረጃ በወላይታ ታሪክ ይገኛል።

በ1887 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) ዳግማዊ ምኒልክ በወላይታው ንጉሥ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ፣ ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ ከሠራዊቱ ጋር ተጉዟል። ሰውዬው የንግድ ወኪል እንጂ የጋዜጣ ባልደረባ አልነበረም፤ ሆኖም ፎቶግራፍ እያነሣ ያየውንም በመጻፉ የዜና ፎቶግራፍ አንሺን ሥራ በከፊል ፈጽሟል ለማለት ይቻላል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ ሲታተም፣ ሥዕሎቹ የተቀረጹት ፎቶግራፎቹን መነሻ በማድረግ ነበር። ስለዚህ በድርጊቱና በአንባቢው መካከል የአንሺው ዓይን፣ የቀራጩ እጅና የአሳታሚው ምርጫ ገብተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንሺው የቆመበት ስፍራ ነው። ጸሐፊው የጦርነቱን እልቂት በቃላት አልሸሸገም፤ ይህም ይመሰገንለታል። ካሜራው የመጣው ከዘማቹ ጦር ጋር በመሆኑ ግን፣ አገሩ የተወረረበት ወላይታ ያየውን ከዚያ ካሜራ መጠበቅ አይቻልም።

በዛሬው የጋዜጣ ዝግጅት ክፍልም ፎቶግራፍ አንሺው ብቻውን አይሠራም። አዘጋጁ ያሰማራዋል፤ እርሱም ፈቃድ ጠይቆ ያነሣል፤ የሰዎቹን ስም፣ ስፍራውንና ቀኑን ይመዘግባል። ከብዙዎቹ አንዱን የሚመርጥና ጠርዙን የሚቆርጥ ሌላ ሰው ነው። በቁረጣው ከጠርዙ የወጣ ሰው ለአንባቢው እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ዓይን የማያሳየውም አለ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው ፊልም በቢቢሲ ሲታይ፣ ረኃቡን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገም። በ2000 ዓ.ም. ግን የበልግ ዝናብ በመጥፋቱ ወላይታን ጨምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ረኃብ ሲገባ፣ ዘግይቶ የጣለው ዝናብ ማሳውን አረንጓዴ አድርጎት ነበር። እህሉ ገና አልደረሰም። የለመለመ እርሻ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ያለ መግለጫ ጽሑፍ የጥጋብ ምስክር ይመስላል፤ የሚራበው ሕፃን ያለው ከዚያው ማሳ ጀርባ ነው።

ካሜራ የሌለው ትምህርት ቤትም ይህን ማስተማር አያቅተውም። ውስጡ በጠቆረ ካርቶን አንድ ወገን በመርፌ ቀዳዳ ቢበጅለት፣ ትይዩው ወገን በዘይት የተቀባ ወረቀት ቢለጠፍበት፣ የደጁ ምስል ተገልብጦ ይታያል። ተማሪው ብርሃን እንዴት ምስል እንደሚሠራ በዚህ ይረዳል። ቀጥሎ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በሶዶ ከተማ ተማሪዎች መካከሉ የተቆረጠ ወፍራም ወረቀት ይዘው ገበያውን ከሦስት ስፍራ ይመልከቱ፤ በክፈፉ ውስጥ ያዩትን ይሳሉ፤ የተረፈውንም ይጻፉ። ሥዕሎቹ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ የአንድ ገበያ መሆናቸው እስኪያጠራጥር ድረስ ይለያያሉ።

የመግለጫ አጻጻፍ ግን ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ይገባዋል። የጊፋታ በዓል ፎቶግራፍ ዓመቱ ካልተጻፈበት የአምናው ከዘንድሮው አይለይምና ለታሪክ ማስረጃነት አይበቃም። ተማሪው የጻፈውን መግለጫ በወላይትኛ ለተሣለችው ነጋዴ ያንብብላት፤ ስሟ ወይም የምትሸጠው ነገር ተሳስቶ ከሆነ እርሷ ታርመዋለች፤ መምህሩም ነጥብ የሚሰጠው ከእርማቱ በኋላ ይሁን።